የክሮስማግሌን ሜዳ

ሰሜን አየርላንድ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር በምትዋሰንበት፣ በካውንቲ አርማህ ደቡባዊ ጫፍ፣ ክሮስማግሌን የምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ አለች። ነዋሪዋ ሁለት ሺህ አይሞላም። ሰፊ አደባባይ አላት፤ በአደባባዩ ዙሪያ ሱቆችና መጠጥ ቤቶች፣ ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ደግሞ የግጦሽ መሬት ነው። ይህችን የምታክል ከተማ ያፈራችው ክለብ የመላው አየርላንድን የክለቦች እግር ኳስ ዋንጫ 6 ጊዜ ወስዷል። በዚህ ዋንጫ የሚበልጠው የኮርክ ከተማው ኒሞ ሬንጀርስ ብቻ ሲሆን፣ ብልጫውም የአንድ ዋንጫ ነው።

የክለቡ ስም ክሮስማግሌን ሬንጀርስ ይባላል። ለተጫዋቾቹ ደመወዝ አይከፍልም። ተጫዋች አይገዛም፣ አይሸጥም። ባለሀብትም የለውም። ከሜዳው መሬት ከፊሉን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የብሪታንያ ጦር ይዞበት ነበር፤ ክለቡ ግን በቀረችው መሬት ላይ መጫወቱን አላቆመም። ስለዚህ ክለብ ለመጻፍ ያነሳሳኝ የዋንጫው ብዛት አይደለም። አንድ ክለብ ከመሬቱ ጋር ሊኖረው የሚችለው ትስስር እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጨዋታውን እንተዋወቅ። የጌሊክ እግር ኳስ ለእኛ ዓይን ግማሹ የታወቀ፣ ግማሹ እንግዳ ነው። በየወገኑ 15 ተጫዋች ይሰለፋል። ሜዳው እኛ ከለመድነው የእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል፤ ርዝመቱ ከ130 እስከ 145 ሜትር ነው። ኳሷን በእግር መምታትም፣ በእጅ መያዝም ይፈቀዳል። ይዞ መሮጥ ግን ከአራት እርምጃ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ወይ መሬት ላይ ማንጠር፣ ወይ ወደ እግር ጣል አድርጎ በጫማ ጫፍ ወደ እጅ መመለስ ግድ ነው። ይህን ሁለተኛውን ስልት ተከላካይ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ፣ በሙሉ ሩጫ ላይ መሥራት በልጅነት ካልለመዱት በቀላሉ አይመጣም። በእጅ ማቀበል ሲፈለግም ኳሷ በቡጢ ወይም በመዳፍ ትመታለች እንጂ አትወረወርም።

ግቡ የላቲኑን ኤች ፊደል ይመስላል። ከአግዳሚው በታች መረብ አለ፤ ቋሚዎቹ ደግሞ ከአግዳሚው በላይ ሽቅብ ይረዝማሉ። መረብ ውስጥ የገባች ኳስ 3 ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ያለፈች ኳስ 1 ነጥብ ታስገኛለች። ከ2025 ጀምሮ በወጣው ደንብ መሠረት ከ40 ሜትሩ ቅስት ውጭ ተመትታ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች ኳስ 2 ነጥብ ሆናለች። ውጤት የሚጻፈው በሁለት ቁጥር ነው፦ 2-13 ማለት 2 ጎልና 13 ነጥብ፣ በድምሩ 19 ማለት ነው። ከታች የምጠቅሳቸውን ውጤቶች አንባቢ በዚህ ስሌት ይያዝልኝ።

የእግር ኳሱ ታላቅ ወንድም ኸርሊንግ ነው። ጫፉ በሰፋ የእንጨት ዱላ ትንሽ ጠንካራ ኳስ እየመቱ የሚጫወቱት ፈጣን ጨዋታ ነው። የገና ጨዋታችንን ያየ ሰው ኸርሊንግን ሲመለከት ዘመድ ያገኘ ያህል ይሰማዋል። ክሮስማግሌን ግን የእግር ኳስ አገር ናት፤ ወሬያችን በዚያው ይቀጥል።

እነዚህን ጨዋታዎች የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር የተመሠረተው ኅዳር ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ በ1884፣ ተርለስ በተባለች ከተማ በሚገኘው የሄይስ ሆቴል ነው። ከመሥራቾቹ ዋነኛው ማይክል ኪውሳክ የተባለ መምህር ነበር። አየርላንድ ያኔ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ናት። የገዢዎቹ ጨዋታዎች፣ ክሪኬትና ራግቢ፣ እየተስፋፉ የአገሬው ጨዋታ ሊረሳ ተቃርቦ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ ሲወለድ ከስፖርት በላይ የሆነ ሸክም ይዞ ተወለደ፤ አንድ ሕዝብ የራሱን ነገር የሚያቆይበት ቤት ሆነ። አባላቱ የውጭ ጨዋታ እንዳይጫወቱ፣ ሄደውም እንዳያዩ የሚከለክል ደንብ እስከ 1971 ድረስ ጸንቶ መቆየቱ የዚህ ስሜት ምልክት ነው።

ማኅበሩ ለአደረጃጀቱ መሠረት ያደረገው አጥቢያን ነው። አጥቢያ የምለው የቤተ ክርስቲያኑን አጥቢያ ራሱን ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚኖሩ፣ አንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ፣ በአንድ መቃብር የሚቀበሩ ሰዎች አንድ ክለብ ይኖራቸዋል። ዛሬ በአየርላንድ ደሴት ብቻ ከ1,600 በላይ ክለቦች አሉ። ልጁ የሚጫወተው ለተወለደበት ወይም ለሚኖርበት አካባቢ ነው። ክለብ መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን ደንቡ ጥብቅ ነው፣ ሰውም በደግ ዓይን አያየውም። የክለቡ ጎበዞች ለካውንቲያቸው ይመረጣሉ፤ የካውንቲው ቡድን ፍጻሜ ከደረሰ በክሮክ ፓርክ ስታዲየም፣ በ82 ሺህ ሰው ፊት ይጫወታል። ጨዋታው ሲያልቅ ያው ኮከብ ሰኞ ጠዋት ወደ መምህርነቱ፣ ወደ አናጢነቱ ወይም ወደ እርሻው ይመለሳል። ምሽት ላይ ደግሞ በአጥቢያው ሜዳ የስምንት ዓመት ልጆችን ሲያሠለጥን ይገኛል።

ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በበጎ ፈቃድ ነው። ሣሩን የሚያጭደው፣ የሜዳውን መስመር ኖራ የሚቀባው፣ ማሊያ የሚያጥበው፣ በር ላይ ቆሞ ትኬት የሚቆርጠው፣ ሎተሪ አዙሮ ለመብራቱ ገንዘብ የሚሰበስበው ሁሉ የአጥቢያው ሰው ነው። ለተጫዋቾቻቸው ገንዘብ የሚከፍሉ ክለቦች ባለቤት ሲቀየር ስም ይቀይራሉ፣ ስፖንሰር ሲሄድባቸው ይፈርሳሉ። የአጥቢያ ክለብን ግን የሚሸጠው የለም፤ የሚገዛውም የለም። ስፖርት ከሰው ኑሮ ጋር እንዲህ ሲዋሃድ ማየት እኔን በጣም ያስቀናኛል።

ክሮስማግሌን ሬንጀርስ የተመሠረተው በ1887 ነው፤ ማኅበሩ ከተወለደ በሦስት ዓመቱ መሆኑ ነው። ማሊያው ጥቁርና ወርቃማ ቢጫ ነው። በ1921 አየርላንድ ለሁለት ስትከፈል ክሮስማግሌን በብሪታንያ ሥር በቀረው በሰሜኑ ክፍል ውስጥ ወደቀች፤ ድንበሩ በቅርብ ርቀት አለፈ። ዘመድ ከዘመድ፣ ገበሬ ከገበያው በኬላ ተለየ። የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ግን ድንበሩን አልተቀበለም። ክለቦቹ፣ ካውንቲዎቹና ውድድሮቹ እንደ ድሮው በመላው ደሴት ቀጠሉ። የክሮስማግሌን ልጅ ፓስፖርቱና ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ቢከራከርም፣ ቅዳሜና እሁድ የሚጫወትበት ሊግ ግን የአንድ አገር ነበረ።

ከዚያ 1969 መጣ። ከ3,500 በላይ ሰው ያለቀበት የሰሜን አየርላንድ ደም መፋሰስ ተጀመረ። የደቡብ አርማህ ሕዝብ በአብዛኛው ካቶሊክና የአየርላንድ ውሕደት ደጋፊ ነው፤ የብሪታንያን አገዛዝ በመሣሪያ ይታገል የነበረው የአይሪሽ ሪፐብሊካን ጦርም በአካባቢው እጅግ ብርቱ ነበር። የብሪታንያ መንግሥት ወታደር አስገባ። የሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሜርሊን ሪስ አካባቢውን የሽፍታ አገር ብሎ የጠራው በዚሁ በ1970ዎቹ ነው። ያ ስም የአካባቢውን ሰው ለብዙ ዓመታት አስቆጥቷል።

በክሮስማግሌን የጦር ሰፈሩ የተቋቋመው በፖሊስ ጣቢያው ነበር። ፖሊስ ጣቢያው ደግሞ የሚያዋስነው ከክለቡ ሜዳ፣ ከቅዱስ ኦሊቨር ፕላንኬት ፓርክ፣ ጋር ነው። መንገዶቹ ፈንጂ የሚጠመድባቸው ስለነበሩ ጦሩ በመኪና መንቀሳቀስ አልቻለም። ምግቡም፣ ጥይቱም፣ ወታደሩም የሚመላለሰው በሄሊኮፕተር ሆነ። ሄሊኮፕተር ማረፊያ ይፈልጋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጦሩ ከክለቡ መሬት ከፊሉን ወሰደ፤ ግንብና የብረት አጥር ተሠራ፣ የመመልከቻ ማማም ከፍ ብሎ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያደጉ የክሮስማግሌን ልጆች ስልጠናቸውን የለመዱት ጠመንጃ የያዘ ወታደር ከማማ ላይ እያያቸው ነው። ከግቡ በላይ የተመታች ኳስ አጥሩን አልፋ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ትወድቃለች፤ ኳስ ደግሞ ለድሃ ክለብ ውድ ነገር ነው። ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ሲመጣ ጨዋታው ይቋረጣል። ወደ ሜዳ የሚሄዱ ሰዎች፣ ቦርሳ የያዙ ተጫዋቾች፣ ኬላ ላይ ይፈተሻሉ። እዚህ ላይ የሌላውንም ሐዘን መዝለል አልፈልግም፦ በዚያችው አደባባይና በዙሪያዋ ብዙ ወጣት የብሪታንያ ወታደሮች ተገድለዋል፤ የአብዛኞቹ ዕድሜ ከሜዳው ተጫዋቾች ዕድሜ አይበልጥም ነበር። በሁለቱም ወገን ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች አሉ።

ክለቡ ሜዳውን ጥሎ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ይችል ነበር። መሬት ከከተማዋ ወጣ ብሎ አይጠፋም። አልሄደም። ለሚኒስትሮች ጻፈ፣ ልዑካን ላከ፣ ጉዳዩ የማኅበሩ ሁሉ ጉዳይ እንዲሆን አደረገ። ከሁሉ በላይ ግን ጨዋታውን አላቆመም። ለእኔ የክለቡ ትልቁ ውጤት ይህ ነው፤ ከስድስቱም ዋንጫዎች አስቀድሜ የማስቀምጠው።

በዚያ ዘመን ማኅበሩ ራሱ አንድ ከባድ ደንብ ነበረው፦ የብሪታንያ የጸጥታ ኃይል አባል የሆነ ሰው የማኅበሩ አባል መሆን አይችልም። ደንቡ የተሰረዘው በኅዳር 2001 ሲሆን፣ አርማህን ጨምሮ አብዛኞቹ የሰሜን ካውንቲዎች ስረዛውን አልደገፉም። መሰረዙ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። በር ዘግቶ ሰላም አይመጣምና። ቢሆንም ሜዳውን በጦር የተነጠቀ አጥቢያ እጁን ቶሎ አለማንሳቱን መረዳት አይከብድም።

አሁን ወደ ዋንጫዎቹ እንምጣ። ክሮስማግሌን የአርማህን የካውንቲ ሻምፒዮና በታሪኩ ከ40 ጊዜ በላይ ወስዷል፤ ከካውንቲው ድንበር አልፎ ግን ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው አልነበረም። ለውጡ የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ጆ ከርናን አሰልጣኝ ሲሆን ነው። ከርናን የክለቡ ልጅ ነው። በ1977 አርማህ ለመላው አየርላንድ ፍጻሜ ደርሳ በደብሊን 5-12 ለ 3-6 ስትሸነፍ ከአርማህ ሦስት ጎሎች ሁለቱን ያስቆጠረው እሱ ነበር። ለተሸናፊዎች የተሰጠችውን ማስታወሻ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይህችን ማስታወሻ አንርሳት።

በእጁ የገባው ትውልድ ብርቅ ነበር። ኦሺን ማኮንቪል የሚባል አጥቂ፣ መንትዮቹ ጆንና ቶኒ ማኬንቲ፣ ተከላካዩ ፍራንሲ ቤሉ፤ ሁሉም እዚያው ሜዳ ላይ፣ ማማው ሥር ያደጉ ናቸው። በ1996 የአርማህን ሻምፒዮና ወሰዱ። ከዚያ እስከ 2008 ድረስ 13 ዓመት በተከታታይ ማንም አልነጠቃቸውም፤ ሰንሰለቱን የበጠሰው በ2009 ሻምፒዮን የሆነው ፒርስ ኦግ ነው።

የመላው አየርላንድ የክለቦች ሻምፒዮና የተጀመረው በ1970ዎቹ መባቻ ነው። ፍጻሜው ለብዙ ዓመታት የሚካሄደው የአገሪቱ ጠባቂ በሆነው በቅዱስ ፓትሪክ በዓል፣ መጋቢት 17 ቀን፣ በክሮክ ፓርክ ነበር። ዋንጫው የተሰየመው በ1973 በእርሻ ሥራ ላይ በደረሰ አደጋ በሞተው የዌክስፎርድ ተጫዋች በአንዲ ሜሪጋን ስም ነው። አየርላንዳውያን ለክለብ ዋንጫ የገበሬ ስም መስጠታቸው ይገርመኛል፤ ደስም ይለኛል። በ1997 ክሮስማግሌን የማዮውን ኖክሞር 2-13 ለ 0-11 አሸንፎ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አደባባዩ አመጣ። በ1999 ከባሊና ስቲቨናይትስ ጋር የተደረገው ፍጻሜ በ0-9 ለ 0-8፣ በአንድ ነጥብ ብቻ ተለየ። በ2000 ደግሞ የደብሊኑ ና ፊያና በ1-14 ለ 0-12 ተረታ። በአራት ዓመት ሦስት ዋንጫ መሆኑ ነው።

ያ ወቅት የሰላም ስምምነቱም ወቅት ነበር። የቤልፋስቱ ስምምነት በ1998 በዕለተ ስቅለት ተፈረመ፤ ከዚያ በኋላ የተወሰደው መሬት ለክለቡ ተመለሰ። በአካባቢው ኮረብቶች ላይ የነበሩት የጦሩ ማማዎችም አንድ በአንድ ፈረሱ። የብሪታንያ ጦር በሰሜን አየርላንድ የነበረው ዘመቻ ሐምሌ 31 ቀን 2007 በይፋ አበቃ።

ከርናን በክለቡ ያሳየውን ካውንቲው አየና የአርማህን ቡድን ሰጠው። መስከረም 2002፣ አርማህ በፍጻሜው ከኬሪ ጋር ተገናኘች። ኬሪ የዚህ ጨዋታ ንጉሥ ናት፤ አርማህ ዋንጫውን አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። በመጀመሪያው አጋማሽ ኬሪ መራች፤ ማኮንቪል ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በእረፍት ሰዓት ከርናን ያቺን የ1977 የተሸናፊነት ማስታወሻ አውጥቶ በተጫዋቾቹ ፊት ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰባበራት። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጎሉን ያስቆጠረው ፍጹም ቅጣት ምቱን የሳተው ያው ማኮንቪል ነው። አርማህ 1-12 ለ 0-14፣ በአንድ ነጥብ አሸነፈች። ማኮንቪል በዚያ ዘመን ከቁማር ሱስ ጋር ሲታገል እንደነበር በኋላ በአደባባይ ተናገረ፣ መጽሐፍም ጻፈበት። ዛሬ ያንኑ ችግር ያለባቸውን ሰዎች በምክር ይረዳል። ለእኔ ይህ ከጎሉ አያንስም።

ክለቡ ከዚያ በኋላም አልተኛም። በ2007 በዶናል ሙርታ አሰልጣኝነት የኪላርኒውን ዶክተር ክሮክስ በድጋሚ ጨዋታ አሸነፈ። በ2011 እና በ2012 ደግሞ ሁለት ዋንጫ በተከታታይ አነሳ፤ ያኔ ቡድኑን የመሩት የቀድሞው ተጫዋች ቶኒ ማኬንቲና ጋሬዝ ኦኒል ነበሩ። ሜዳው ላይ ደግሞ የጆ ከርናን ልጆች ነበሩ። አባት የሠራውን ልጅ ይቀበላል። የአልስተር ክፍለ ግዛትን ዋንጫ ክለቡ እስከ 2015 ድረስ 11 ጊዜ ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ግን አላገኘውም፤ ስሎትኒል፣ ኪልኩና ግሌንን የመሳሰሉ ሌሎች የአጥቢያ ክለቦች ተራቸውን ይዘዋል።

አንድ መጥፎ ቀንም አለ። በ2012 የአልስተር ፍጻሜ፣ አባቱ ከእሱ በፊት ለክሮስማግሌንና ለአርማህ የተጫወተው ጥቁር አይሪሻዊ አሮን ከኒንግሃም በቆዳው ቀለም ምክንያት ከተጋጣሚ ወገን ተሰደበ። አሮን ዝም አላለም፤ ስድቡን በይፋ ተናገረ። ጉዳዩ አገር አቀፍ መነጋገሪያ ሆነ፣ ቅጣትም ተከተለ። አጥቢያ ሰውን እንደሚያቅፍ ሁሉ ሊያገልም ይችላል፤ ይህን መካድ አይገባም። ከኒንግሃምን ግን አጥቢያው የራሱ ልጅ አድርጎ ያሳደገው ነው፤ ከአባቱ ጀምሮ ያንኑ ጥቁርና ቢጫ ማሊያ ለብሰዋል።

በ2024 አርማህ ጋልዌይን 1-11 ለ 0-13 አሸንፋ ሁለተኛውን የመላው አየርላንድ ዋንጫ አነሳች። በቡድኑ ውስጥ የክሮስማግሌን ልጆች የሆኑት ወንድማማቾች ሪያንና ኦሺን ኦኒል ነበሩበት። ይህ ሁሉ የወንዶቹ ወሬ ነው። የሴቶቹ የጌሊክ እግር ኳስና ካሞጊ የሚባለው የሴቶች ኸርሊንግ እስካሁን በየራሳቸው ማኅበር ሲመሩ ቆይተዋል፤ ሦስቱን ማኅበራት በ2027 ወደ አንድ ለማምጣት እየተሠራ ነው። ከዘገዩት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው ባይ ነኝ።

ዛሬ አየርላንድ ውስጥ ልጆች የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤታቸው ይህን ጨዋታ ሳያዩ አይቀሩም፤ ማኅበሩ አሰልጣኞችን ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይልካል። በረጅሙ የትምህርት ዕረፍት ደግሞ ከ6 እስከ 13 ዓመት ለሆኑ ልጆች ኩል ካምፕ የተባለ የስልጠና ሳምንት በየክለቡ ይዘጋጃል። በዱባይና በአቡ ዳቢም ክለቦች አሉ። በአጥቢያ ክለብ ውስጥ የሚገባ ልጅ ከጨዋታው ጋር ሰፈሩን ያውቃል፣ ሰፈሩም ያውቀዋል፤ ወላጅም መስመር በመቀባት፣ ሻይ በማፍላት፣ ልጆችን በመኪና በማድረስ ጎረቤት ያፈራል። የሰፈራችሁ ክለብ የት እንዳለ ጠይቁና ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።